ጣሳውን ይዘው ይጠብቁት

ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ተፈትቷል። ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በቆሎው ከሰው ቁመት ባለፈበት አንድ ግቢ፣ ሦስት ሰዎች ቡና ላይ ተቀምጠዋል፦ አባት፣ እናት እና ፍኖተ ሰላም ላይ የልዩ ፍላጎት መምህርት የሆነችው የአባትየው ታናሽ እኅት። ስድስት ዓመት የሆነው ማሙሽ በሩ አጠገብ የበቆሎ ፍሬ በመስመር ይደረድራል። አይናገርም። ተነጋጋሪዎቹ የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው፤ በስም የሚነሱት ሰዎች፣ ዓመታቱና ጥናቶቹ ግን እውነተኛ ናቸው።

አባት፦ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ እታለም፤ ሌላው ይቆይ። ይህ ልጅ መቼ ነው የሚናገረው?

አክስት፦ ቀን አልቆርጥልዎትም፣ ወንድም ጋሼ። ቀን የሚቆርጥልዎ ሰው ከመጣም አይመኑት።

አባት፦ አባታችን «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር። የዚህ ልጅ ዝምታ ግን እኔን አነቀዘኝ። አንድ ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ «ኦቲዝም ነው» አሉን። መድኃኒቱስ አልን፤ የለውም አሉ። በቃ፣ በመጣንበት መኪና ተመለስን። ወረቀቷ እዚያ ሣጥን ውስጥ አለች።

አክስት፦ ጆሮውንስ አይተውታል?

እናት፦ አይተውታል፤ ይሰማል። እሱማ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲነሳ ከኛ ቀድሞ ነው የሚሰማው። ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ጎታው ጥግ ይገባል።

አክስት፦ ደኅና አደረጋችሁ። ብዙ ሰው እሱን ይዘለዋል። የማይሰማ ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት እየተባለ፣ ኦቲዝም ያለበት ደግሞ ደንቆሮ እየተባለ ስንቱ ልጅ ዓመቱን ያባክናል። እንግዲህ ስለ መናገሩ የሚታወቀውን ልንገርዎ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አለ። አራት ዓመት ሞልቷቸው ሁለት ሦስት ቃል አገናኝተው መናገር ያልቻሉ የ535 ልጆችን ታሪክ መርምሮ፣ ከዚያ በኋላ 70 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አጫጭር ሐረግ መናገር መቻላቸውን አሳየ። ከግማሽ ጥቂት የሚያንሱት እንዲያውም አጥርተው መናገር ችለዋል።

አባት፦ እሰይ!

አክስት፦ ይቆዩ፣ ወንድም ጋሼ። 30 በመቶው አልተናገሩም። እነዚያም ልጆች ከትንሽነታቸው ጀምሮ እርዳታ የሚገኝበት አገር የሚኖሩ ናቸው። ማሙሽ ከየትኞቹ እንደሚሆን እኔም አላውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም። እኔ የምለው፣ እስኪናገር እየጠበቅን ሌላውን ሁሉ አናቁም ነው። እትዬ፣ ውኃ ሲጠማው ምን ያደርጋል?

እናት፦ ጣሳውን አንስቶ ጭኔ ላይ ያስቀምጣል። ሲርበው እጄን ይዞ ወደ መሶቡ ይጎትተኛል፤ ክዳኑ ላይ ያደርገኛል፤ ፊቴን ግን አያይም። ሲበርደው የአባቱን ጋቢ ይስባል። መውጣት ሲያምረው ኮንጎ ጫማውን ይዞ በር ላይ ይቆማል። የጠላውን ሽታ ሲጠላ ደግሞ እጁን ይነክሳል።

አባት፦ ይህን ሁሉ እኔ አላየሁም።

እናት፦ አንተ እርሻ ላይ ነህ።

አክስት፦ አምስት ነገር ነገሩን። እንግዲህ ልጁ አምስት ነገር ይናገራል ማለት ነው፤ አንዱም በአፉ አይደለም። አሁን የሚጎድለው፣ የሚለውን ከእርስዎ ሌላ የሚረዳለት ሰው ነው። እርስዎ ቢታመሙ ይህ ልጅ ውኃ ማን ይሰጠዋል?

እናት፦ (ዝም ትላለች።)

አክስት፦ ሁለተኛው ነገር፣ እትዬ፣ አይቀየሙኝ። አንዳንዴ ገና ወደ ጣሳው ዞር ሲል ቀድተው ይሰጡታል። ዛሬ ስገባ አይቻለሁ። እሱ ሳይጠይቅ ሁሉ ነገር ይደርስለታል። መጠየቅ የማያስፈልገው ሰው ለምን ይጠይቃል? ከዛሬ ጀምሮ ጣሳውን ሲያመጣልዎ ወዲያው አይቅዱ። ጣሳውን ይያዙና በልብዎ እስከ አምስት እየቆጠሩ ይጠብቁት። ዓይኑን ካነሳ፣ እጁን ከዘረጋ፣ «እ» ካለ፣ ጉልበትዎን እንኳ ከነካ፣ እሱን እንደ ቃል ይቀበሉትና ይቅዱለት። ሲቀዱ «ውኃ» ይበሉ። አንድ ቃል ብቻ። «ጠማህ ወይ የኔ ጌታ፣ ና እስቲ፣ ጥሩ ልጅ» እያልን ስናዥጎደጉድበት ውኃ የትኛው እንደሆነ አይለየውም።

እናት፦ ኧረ ተይ! ልጄን በውኃ ጥም ላስተምረው?

አክስት፦ አይደለም። ምንም ባያደርግም ይሰጠዋል። አምስት ቆጥረው ምልክት ካላዩ እጁን ይዘው ቀስ ብለው እንዲዘረጋ ይረዱትና ይቅዱለት። እኛ የምንሰጠው ለመጠየቅ የሚሆን ጊዜ ነው እንጂ ቅጣት አይደለም። ምግብና ውኃ ከልክሎ የሚያስተምር ሰው ካጋጠምዎ ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

(እዚህ ላይ ጸሐፊው የእናትየውን ጥርጣሬ ይጋራል። ማስተማር ነው ተብሎ በልጅ ላይ የተደረገው ክፉ ነገር ብዙ ነውና ጥያቄው ሁሌም ቢጠየቅ ይሻላል።)

አባት፦ እሺ፣ ውኃና ቆሎ ጠየቀ እንበል። ይህን ቀኑን ሙሉ የሚደረድረውን በቆሎ ላስጥለው?

አክስት፦ ለምን? ማንን ጎዳ? ይልቅ አጠገቡ ይቀመጡና እርስዎም አንድ ፍሬ በመስመሩ ጫፍ ላይ ያድርጉ። አያናግሩት፤ ፊቴን እይ ብለው አገጩን አይያዙ። መጀመሪያ እጅዎን ይገፋ ይሆናል። ቢገፋዎት ትንሽ ፈቀቅ ብለው ይቀመጡ፤ ቆይተው አንድ ፍሬ ያቀብሉት። የሚቀበልዎት ቀን ከሰው ጋር መሥራት ጀመረ ማለት ነው። ንግግር ከመምጣቱ በፊት ይህ መቅደም አለበት፤ ተራ መጠበቅ፣ መስጠት፣ መቀበል።

አባት፦ የጎረቤት ሰው ቢያየኝ አባትየውም ለየለት ይላል።

አክስት፦ ይበል።

እናት፦ ሥዕል ስለምትሉት ነገር ንገሪው። ባለፈው ስትነግሪኝ ልነግረው አልቻልኩም፤ ይስቅብኛል እያልኩ ተውኩት።

አክስት፦ አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ፣ ደለዌር ውስጥ የጀመሩት ዘዴ ነው። ልጁ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል አንስቶ በሰው መዳፍ ላይ ያስቀምጣል፤ ሥዕሉን የተቀበለው ሰው ነገሩን ይሰጠዋል። ልብ ይበሉ፤ ሥዕሉን በጣቱ አያሳይም፣ ያስረክባል። በጣት ማሳየት ማንም ሳያየው ሊቀር ይችላል። ማስረከብ ግን የግድ ሰው ዘንድ መሄድን ይጠይቃል።

አባት፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። በሥዕል ከለመደ አፉ ይሰንፍበታል። ለምን ብሎ ይናገራል?

አክስት፦ ይህን የማይጠይቀኝ ወላጅ የለም። ተጠንቷል፣ ወንድም ጋሼ፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። በሥዕልና በምልክት መግባባት የጀመሩ ልጆች በዚህ የተነሳ ንግግራቸው ወደ ኋላ ሲቀር አልታየም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ጥቂት ጥቂት ቃል ጨምረዋል። ደግሞም ያስቡት፤ ሥዕሉን በሰጠ ቁጥር «ቆሎ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ቆሎውም ይመጣል። ከዚህ የተሻለ የቃል ትምህርት ከየት ይገኛል?

እናት፦ ግን ሥዕል የሚያውቅ አይመስለኝም። የእመቤታችንን ሥዕል እንኳ ዞር ብሎ አያይም።

አክስት፦ ለዚያ ነው በነገሩ በራሱ የምንጀምረው። ጣሳው ውኃ ነው፤ ይህን እሱው ራሱ አስተምሮናል። ኮንጎው መውጣት ነው። የጥጃዋ ገመድ ቁራጭ ደግሞ «በረት እንሄዳለን» ይሁን። ነገሩን በነገር ሲያውቅ የራሳችሁን ጣሳ፣ የራሳችሁን ሌማት በስልክ አንስቼ ፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤት አሳጥቤ፣ ላሚኔት አስደርጌ አመጣለሁ። ከመጽሐፍ የተቆረጠ የፈረንጅ ብርጭቆ ሥዕል ለእሱ ምኑም አይደለም። ፎቶው እስኪደርስም በካርቶን ላይ በከሰል መሣል ይቻላል። ስልክ ላይ የሚጫን አለ ይላሉ፤ አለ፤ ግን መብራቱና ኔትወርኩ በጠፋ ቁጥር የልጁ አፍ አብሮ ሊጠፋ ነው። ካርቶን ባትሪ አይጨርስም።

አባት፦ አሁን አሳዪኝ እስቲ።

አክስት፦ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ታላቅ እኅቱ አራተኛ ክፍል ናት አይደል? እሷ ከኋላው ትቀመጥ። እርስዎ ቆሎውን ይዘው ከፊቱ፤ መሐል ላይ ካርዱ። ማሙሽ ወደ ቆሎው ሲዘረጋ እኅቱ ከኋላ እጁን ወደ ካርዱ ትመራለች፣ ታስይዘዋለች፣ መዳፍዎ ላይ ታስቀምጣለች። እርስዎ ያን ጊዜውኑ «ቆሎ!» ብለው ጥቂት ፍሬ ይሰጡታል። ጥቂት ነው፤ ጭብጥ ሙሉ ከሰጡት ሁለተኛ አይጠይቅም። እኅቱ አንድም ቃል አትናገርም። እርስዎም «ምን ትፈልጋለህ?» አይሉም።

አባት፦ ሳልጠይቀው?

አክስት፦ ከጠየቁት ጥያቄዎን መጠበቅ ይለምዳል። ስንት ልጅ አውቃለሁ፣ ካርዱ አጠገቡ ተቀምጦ «ምን ትፈልጋለህ» እስኪባል የሚጠብቅ። የምንፈልገው ራሱ ተነስቶ እንዲመጣ ነው። እኅቱ ደግሞ በየቀኑ እጇን ቀስ በቀስ ታሳንሳለች። መጀመሪያ መዳፉን፣ ኋላ ክንዱን፣ ኋላ ምንም።

እናት፦ እምቢ የሚለውስ? እኔን የሚያስለቅሰኝ እሱ ነው። እጁን ይነክሳል፤ እዩት፣ ጠባሳው።

አክስት፦ ቆሎ መጠየቅን አስተምረን «አልፈልግም»ንና «በቃ»ን ካላስተማርነው ግማሹን አፉን ብቻ ሰጠነው ማለት ነው። ጠላ የሚጠመቅ ቀን ሽታው ሳይደርስበት፣ ማለትም ሳይነክስ፣ መዳፉን ይዘው እንዲህ ወደ ውጭ እንዲገፋ ያሳዩት፤ «በቃ» ይበሉና ይዘውት ይውጡ። መግፋቱ ከንክሻው ቀድሞ የሚፈልገውን ካመጣለት፣ መንከሱ ሥራ ይፈታል። ግን አንድ ነገር አደራ፦ ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ራሱን መምታት ከጀመረ፣ እንቅልፍ ከነሳው፣ መጀመሪያ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን ያሳዩለት። ጥርሴን አመመኝ ማለት የማይችል ልጅ ሌላ ምን ያድርግ?

አባት፦ የገበያ ቀን መሬት ላይ ሲንከባለል እኮ በርበሬ ሻጩ ሁሉ ተሰብስቦ ያየናል። «ግረፈው» ይላል አንዱ፤ «እሰረው» ይላል ሌላው። ክረምቱን በተለይ «እሰረው» የሚለኝ በዝቷል፤ ፈጣም ወንዝ ሞልቷል፣ ልጁ ደግሞ ውኃ ሲያይ ይሮጣል።

አክስት፦ የወንዙን ነገር እኔም እፈራለሁ፤ ቀልድ አይደለም። ከቤት የሚጠፉ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች በብዛት የሚገድላቸው ውኃ ነው። ግን የታሰረ ልጅ ምንም አይማርም፤ የሚማረው መታሰርን ነው። አጥሩን ያጥብቁ። በሩ ላይ ቃጭል ይስቀሉ፤ ሲከፈት ይሰማል። ለእረኞቹና ለጎረቤት ልጆች ንገሯቸው፤ ማሙሽን ወንዝ መንገድ ላይ ያየ ይዞት ይምጣ፣ አይሳቅበት። ውኃ መውደዱን ደግሞ ግቢ ውስጥ ይጨርሰው፤ ሳፋ ሞልተው ይስጡት። ገበያውን በተመለከተ፣ ሳይሞቅ በጠዋት ይዘውት ይሂዱ፤ ጋቢውን ራሱ ላይ ያልብሱት፤ ሊንከባለል ሲል ሳይሆን ገና ደኅና ሳለ ይመለሱ። የገበያተኛው ምክር አያስፈልገንም።

እናት፦ እጁን እንኳ አይታጠብም። ሱሪውንም እኔ ነኝ የማለብሰው። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ነገ አስራ ስድስት ይሆናል።

አክስት፦ እጅ መታጠብ ስንት ነገር ነው? ውኃ መቀበል፣ ሳሙና፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። አምስት ነው። ሁሉንም በአንዴ «ታጠብ!» ስንለው አምስት ትእዛዝ በአንድ ቃል ጫንበት ማለት ነው። ከመጨረሻው ይጀምሩ። አራቱን እርስዎ ከኋላ ሆነው እጁን ይዘው ያሠሩት፤ ማድረቁን እሱ ይጨርስ። እንደጨረሰ እንጀራው ይቅረብ። ማድረቁን ሲለምድ ማለቅለቁንም ለእሱ ይተዉለት፤ ከዚያ ማሸቱን። ሁሌም መጨረሻውን የሚጨርሰው እሱ ነው፣ ከመጨረሻው ቀጥሎ የሚመጣውም ደስ የሚለው ነገር ነው። ሱሪም እንዲሁ። ዳሌው ላይ አድርሰውለት የመጨረሻዋን ስንዝር እሱ ይሳብ፤ በሌላው ሳምንት ከጭኑ፣ ከዚያ ከጉልበቱ።

አባት፦ ወይፈን ስናቀናም እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባዶ ቀንበር፤ ከዚያ ከለማዳው በሬ ጋር ማጣመድ፤ ሞፈሩ ኋላ ይመጣል።

አክስት፦ ቅደም ተከተሉ ይመሳሰላል። ጅራፉን ግን እዚያው ይተዉት።

አባት፦ (ይስቃል።) እሺ፣ ተውኩት።

አክስት፦ ሲረዱትም ከፊቱ ሆነው እጁን አይጎትቱ፤ ከኋላው ይሁኑ፣ እጆቹ የራሱ እጆች ሆነው እንዲታዩት። በቃልም ብዙ አይርዱት። የቃል እርዳታ አንዴ ከለመደ ለመተው ያስቸግራል፤ የእጅ እርዳታ ይሻላል፣ በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ይቻላል። ሌላ ደግሞ፣ ግድግዳው ላይ ሦስት ምስማር ይምቱልኝ። ጠዋት ላይ ጆጉ፣ ሳህኑ፣ የገመዱ ቁራጭ በተርታ ይሰቀሉ፦ መታጠብ፣ መብላት፣ ጥጃ ዘንድ መሄድ። አንዱ ሲያልቅ እሱ ራሱ አውርዶ ቅርጫት ውስጥ ይክተተው። ቀጥሎ የሚመጣውን ያላወቀ ሰው ይፈራል። እኛ በቃል ተነግሮን ነው የማንፈራው።

እናት፦ ጥጃዋን ይወዳል። ሣር ቢሰጣት…

አክስት፦ እንግዲያ ሥራው እሱ ይሁን፤ ማታ ማታ ለጥጃዋ ሣር የሚሰጥ ማሙሽ ነው። ሌላ ሰው አይስጣት። በዚህ ቤት ሥራ ያለው ልጅ ይሁን።

አባት፦ ይህን ሁሉ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኛስ? ይህ የአዲስ አበባ ነገር ነው። እዚያ ማዕከል ያቋቋመች ሴትዮ ነበረች አይደል፣ ሬዲዮ ላይ የሰማኋት?

አክስት፦ ዘሚ የኑስ። አሜሪካ ኖራ የተመለሰች፣ ኒያና የሚባል የውበት ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ነበረች። ልጇ ኦቲዝም አለበት፤ ትምህርት ቤቶች አልቀበልም እያሉ መለሱባት። እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ያኔ በአገሪቱ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ የሚያወራ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እሷ ግን በአደባባይ ወጥታ ተናገረች። በፊደላችን ድምፆች ላይ ተመሥርታ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያለችውን የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጀች። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሞተች። ወላጆች ያቋቋሙት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እዚያው አዲስ አበባ አለ።

አባት፦ እሷ ገንዘብና አፍ ነበራት።

አክስት፦ እውነት ነው። ባይኖራት ኖሮ ዛሬም ልጆቹ ጓዳ ነበሩ። ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ የዘሚን ያህል የማከብራት ሰው የለም፣ ሆኖም ከቡሬ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ማዕከል፣ ያውም ወረፋው የማይደርስ፣ ለቡሬ ገበሬ መልስ አይሆንም። የሚያስፈልገው ትምህርቱ ቤት ድረስ መምጣቱ ነው። ይህም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ በአገራችንም ከኑሯችን ጋር ተስማምቶ ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው፤ ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ይሰጠዋል። ዛሬ የነገርኳችሁ ነገር፣ ጣሳ ይዞ መጠበቁ፣ እጅ መታጠቡን መከፋፈሉ፣ አብሮ መደርደሩ፣ አብዛኛው የዚያ ዓይነት ትምህርት ነው። ለእናትየውም ዕረፍት መፈለግን ይጨምራል፤ እሱን እዚህ ቤት የሚያነሳው ሰው አላየሁም።

እናት፦ ተይው እሱን። እኔን የሚያደክመኝ ሥራው አይደለም፤ ወሬው ነው። «እርጉዝ ሆና በቀትር ወንዝ ተሻግራ ነው» ይላሉ። አንዷ ደግሞ በእርግማን ነው ብላ እናቴን አነሳችብኝ።

አክስት፦ ፈረንጆቹም እናትን ከሰዋል፣ እትዬ። ቺካጎ ውስጥ ብሩኖ ቤተልሃይም የሚባል ሰው፣ ልጆቹ እንዲህ የሚሆኑት እናቶቻቸው ፍቅር ስለነፈጓቸው ነው ብሎ ጻፈ፤ ዓለም ሁሉ አመነው። ስንት እናት በዚያ ምክንያት ልቧ ተሰበረ። ያንን አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ያፈረሰው በርናርድ ሪምላንድ ነው፤ እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር። ነገሩ የአእምሮ ዕድገት ነው፤ የሚጀምረው ከመወለድ በፊት ነው፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዘር ነው። የተሻገሩት ወንዝ የለም።

አባት፦ ጸበሉስ? እናታችን በዚህ ጉዳይ አትለቀኝም።

አክስት፦ ይሂዱ። እኔም እጠመቃለሁ። ግን ሁለት ነገር፦ ጋኔን ነው ብሎ ልጁን የሚመታ ሰው ካለ እዚያ ቦታ አይቆዩ፤ የሚጥል በሽታ ከያዘውና መድኃኒት ከጀመረ ደግሞ በጸበል ምክንያት አያቋርጡበት። የሚጥል በሽታ ከኦቲዝም ጋር አብሮ ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ በድንገት ማቋረጡ ሊገድል ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ክሊኒኮች የዕድገት እክል ያለባቸው ልጆች 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። 40 በመቶው ምክንያቱ መንፈስ ነው ብለዋል። 45 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ፤ ከአራቱ አንዱ የሚሆነው ይደብቃል። ግን «የሚጎድላችሁ ምንድን ነው?» ሲባሉ 75 በመቶ የሚሆኑት ያነሱት ትምህርትን ነው።

አባት፦ ትምህርት! ለደኅናዎቹም ልጆች አልተገኘም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በግጭቱ የተነሳ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሲከፈት፣ መንገዱ ሲቆረጥ ሲቀጠል አይደል የከረምነው? ማሙሽን ማን ያስታውሰዋል?

አክስት፦ ይህን አልክድም። የትምህርት ቤት ደወል በሌለበት ዓመት እኔም ቤቴ ነው የተቀመጥኩት። ግን በሰላሙም ጊዜ የልዩ ፍላጎት ክፍል ስንት ቦታ ነበር? ያለውም ክፍል በአብዛኛው መስማት ለተሳናቸውና ለዓይነ ስውራን የታሰበ ነው፤ የማሙሽ ዓይነት ልጅ ሲመጣ «ይረብሻል» ተብሎ ይመለሳል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው። ማሙሽን መመለስ ደግነት ማጣት ብቻ አይደለም፤ የተፈረመ ነገር ማፍረስ ነው።

አባት፦ ወረዳው በጀት የለም ነው የሚለው።

አክስት፦ ይላል። እኔም ሕንፃ ሥሩ አልልም። በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ቤት ለቤት መሄድ ሥራቸው ነው። ክትባት የሚቆጥሩበት መዝገብ ላይ «ሁለት ዓመት ሞልቶት የማይናገር ልጅ አለ ወይ?» የምትል አንድ ጥያቄ ይጨመርላቸው፤ ያንን የወላጆች ሥልጠናም ይሠልጥኑበት። ፍኖተ ሰላም ላይ የመምህራን ኮሌጅ አለ፤ ቡሬም፣ ጅጋም፣ ደምበጫም ከዚያ የወጡ ያስተምራሉ። ካርድ መሥራትና እጅ መታጠብን በአምስት መክፈልን ለመማር አራት ዓመት አይፈጅም። ወላጅ ብቻውን ይወጣዋል የሚሉ ሰዎችን ደግሞ አልወዳቸውም። ይህች ሴት ስድስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ተወጥታዋለች፤ ይበቃል።

አባት፦ ለወረዳው ትጽፊያለሽ?

አክስት፦ እጽፋለሁ፤ ግን የወላጅ ፊርማ ይኑርበት። እንደ እናንተ ያለ ሌላ ቤትም ይኖራል፤ ፈልጓቸው፣ አብራችሁ ፈርሙ። አንድ ወላጅ ሲጠይቅ ችግረኛ ይሉታል፤ አስር ሲጠይቁ አጀንዳ ይሆናል።

እናት፦ ወዲያ ማዶ አንድ አለ፤ የሚያወጡት ሌሊት ነው። እኔ ሄጄ አነጋግራታለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን አታስረዝሚው፤ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ይሰማል፤ በአፉ አይናገርም። ለመስከረም ይመዝገብልን፤ የሚያስተምረው ሰውም ይሠልጥን።